ከጓደኛዬ ጋር የገዛነው ቤት፦ የሷን ድርሻ ወስጄ ሞርጌጁን በስሜ ብቻ ማድረግ እፈልጋለሁ

ሸገር በሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። በ2021 ከልብ ጓደኛዬ ጋር ሆነን አንድ ታውንሃውስ በ410,000 ዶላር ገዛን። ያኔ ሁለታችንም ኪራይ አንገሽግሾን ነበር። ለየብቻችን ባንክ አያበድረንም ነበር፣ የሁለታችን ገቢ ሲደመር ግን ተሳካልን። ወለዱ 3 በመቶ ነው። ብድሩ ላይ ሁለታችንም ፈርመናል፣ የቤቱ ወረቀት ላይም የሁለታችንም ስም አለ።

አሁን ጓደኛዬ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ሚኒሶታ ስለሆነ እሷም ወደዛ ትሄዳለች። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ሚዜዋም እኔ ነኝ። ችግሩ የመጣው እዛ ቤት ለመግዛት ሲጠይቁ ነው። ሎን ኦፊሰሩ (የባንኩ የብድር ሠራተኛ) «የሜሪላንዱ ሞርጌጅ ሙሉው አንቺ ላይ ይቆጠራል» አላት። ግማሹ እንኳ ሳይሆን ሙሉው! ስለዚህ ከብድሩ መውጣት አለባት። እኔ ደግሞ ቤቱን መልቀቅ አልፈልግም፣ ሥራዬም እዚሁ ነው፣ ታናሽ እህቴም አብራኝ ነው የምትኖረው፣ ደግሞ በዛሬ ዋጋ እንዲህ ዓይነት ቤት ከየት አገኛለሁ?

ቁጥሩን ልንገራችሁ። የቀረው ዕዳ 362 ሺህ ገደማ ነው። ከጎናችን ያለ ተመሳሳይ ቤት በቅርቡ 490 ሺህ ተሽጧል። እኔ በዓመት 82 ሺህ አገኛለሁ፣ ነርስ ነኝ፣ ገቢዬ በደብልዩ-2 (የተቀጣሪ ደመወዝ) ነው። የመኪና ዕዳ በወር 310 እከፍላለሁ። እጄ ላይ 25 ሺህ አለኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የ20 ሺህ እቁብ ይደርሰኛል።

ባንክ ስጠይቅ «ሪፋይናንስ አድርጊ» አሉኝ፣ አሮጌውን ብድር በአዲስ ብድር ተኪ ማለት ነው፣ በ6.5 በመቶ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ ኩዊትክሌም የሚባል ወረቀት ላይ ትፈርምልሻለች፣ አለቀ» አለችኝ። እውነት በዚህ ያልቃል? ከጓደኛዬ ጋር እስከ ዛሬ በገንዘብ ተነጋግረን አናውቅም፣ በዚህ ቤት ሰበብ እንዲበላሽ አልፈልግም። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቁልፍ ያዥ

እህቴ፣ እኔ ሎን ኦፊሰር ነኝ፣ ቨርጂኒያ። ባልደረባሽ ያለችሽን እንዳታደርጉት። ኩዊትክሌሙ ራሱ ክፉ ወረቀት ሆኖ ሳይሆን፣ የሚፈታው ሌላ ችግር ነው።

ቤት ስትገዙ ከፈረማችሁት የወረቀት ቁልል ውስጥ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ዲድ ነው፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ይናገራል። ሌላው ኖት ነው፣ ዕዳው የማን እንደሆነ ይናገራል። ኩዊትክሌም የሚነካው ዲዱን ብቻ ነው። ጓደኛሽ ብትፈርምልሽ ቤቱ ያንቺ ብቻ ይሆናል፣ ዕዳው ግን እሷ ላይ እንዳለ ይቀራል። ባንኩ እዚህ ስምምነት ውስጥ የለበትም፣ አልጠየቃችሁትም። ቤቷን ሰጥታ ዕዳዋን ይዛ ሚኒሶታ ትሄዳለች ማለት ነው። ለእሷ ከዚህ የባሰ ውል የለም።

ሎን ኦፊሰሯ ሙሉው ይቆጠራል ያላትም ለዚህ ነው። ኖቱ ላይ ሁለት ሰው ሲፈርም ዕዳው ለሁለት አይከፈልም። እያንዳንዳችሁ ለሙሉው ተጠያቂ ናችሁ። አንቺ ባትከፍይ ባንኩ እሷን «ግማሽሽን አምጪ» አይላትም፣ «ሙሉውን አምጪ» ነው የሚላት።

ሌላም አለ። አብዛኛው ሞርጌጅ ቤቱ ወደ ሌላ ሰው ከዞረ ባንኩ ቀሪውን ዕዳ ባንዴ መጠየቅ ይችላል የሚል አንቀጽ አለው። በ1982 የወጣ የፌዴራል ሕግ ባንኩ ይህን ማድረግ የማይችልባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። ለባል ወይም ለሚስት ሲዞር፣ ለልጅ ሲዞር፣ ባለቤት ሲሞት የሚሉ አሉበት። ጓደኛ ለጓደኛ የሚል ግን የለበትም። በየወሩ የሚከፍለውን ሰው ባንኮች ብዙ ጊዜ አይነኩትም፣ ቢሆንም 362 ሺህ ዶላር በ«ብዙ ጊዜ» አይያዝም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁን ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የሚባለውን የብድሩን ማጠቃለያ ወረቀት አውጪ። አምስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ የብድሩ ዓይነት ተጽፏል፤ ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው)፣ ኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ኢንሹራንስ ያለው)፣ ቪኤ (ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው) ከሚሉት ሳጥኖች አንዱ ላይ ምልክት አለ። ከዛ አራተኛውን ገጽ ግለጪ። ከላይ በግራ የመጀመሪያው ርዕስ አሳምፕሽን ይላል። ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፣ አንዱ አበዳሪው ብድሩን ሌላ ሰው በነበረበት ሁኔታ እንዲረከብ በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል የሚል፣ ሌላው አይፈቅድም የሚል። የትኛው ላይ ምልክት እንዳለ ንገሪኝና እንቀጥላለን።

የአሌክሳንድሪያው

ቁልፍ ያዥ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ቤተሰብ ውስጥ ያየሁትን ልጨምር። የአጎቴ ልጅ ከአብሮ አደጉ ጋር ቤት ገዝተው ነበር። ሲለያዩ የአጎቴ ልጅ ኩዊትክሌም ፈረመለት፣ ሃያ ሺህ ዶላር ተቀበለ፣ ተቃቅፈው ተለያዩ። ጓደኛው መጥፎ ሰው አልነበረም። ሥራ ሲያጣ አንድ ወር ሳይከፍል ቀረ፣ 30 ቀን እንዳለፈው የዘገየው ክፍያ የሁለቱም ክሬዲት ላይ ወጣ። የአጎቴ ልጅ ያወቀው ለመኪና ብድር አመልክቶ ሲከለከል ነው። ደውሎ ሲጠይቀው ጓደኛው «አፍሬ ነው ያልነገርኩህ» አለው። ቤቱ ተሸጦ ዕዳው እንዲከፈል እንዳያደርግ ቤቱ የሱ አይደለም፣ ፈርሞ ሰጥቷል። ዕዳው ግን የሱም ነው። አሁን ሰርግ ላይ ሲገናኙ እንኳ ፊት ለፊት አይቀመጡም።

ስለዚህ ይህን ሁሉ ስታደርጊ ለራስሽ ብቻ ሳይሆን ለሷም ብለሽ አስቢ። አንቺ ቤቱ ውስጥ ነሽ፣ ደብዳቤ ይደርስሻል፣ ሂሳቡን ታያለሽ። እሷ ሚኒሶታ ሆና የምታየው ነገር የለም።

ሸገር በሜሪላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱን አገኘሁት። ኤፍኤችኤ ነው! አራተኛው ገጽ ላይም ይፈቅዳል የሚለው ላይ ነው ምልክቱ ያለው። በዳውን (በቅድሚያ ክፍያ) 3.5 በመቶ ነበር የከፈልነው፣ አሁን ትዝ አለኝ።

ግን በየወሩ ወደምንከፍልበት ካምፓኒ ስደውል የደንበኞች አገልግሎት ልጅቷ «እንዲህ ዓይነት ነገር እኛ ጋ የለም፣ ሪፋይናንስ ብቻ ነው» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። እንደዛ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ለምን ይጻፋል?

ቁልፍ ያዥ

ይሄ ትልቅ ዜና ነው እህቴ። ከታኅሣሥ አጋማሽ 1989 ወዲህ የተዘጋ የኤፍኤችኤ ብድር ተረካቢው ክሬዲቱና ገቢው ታይቶ ካለፈ ሊዞር ይችላል። ደንቡ የአበዳሪው ውዴታ አይደለም፣ የኤፍኤችኤ ነው። የቪኤ ብድርም እንደዚሁ ይዞራል። ኮንቬንሽናል ቢሆን ኖሮ ግን በአብዛኛው ሪፋይናንስ ውስጥ መግባትሽ ነበር።

ስልክ የምታነሳው ልጅ ላይ አትፍረጂ፣ አሳምፕሽን የምትሰማው ከስንት አንዴ ነው፣ ለካምፓኒውም ብዙ ትርፍ የለውም። አሳምፕሽን ዲፓርትመንት አገናኙኝ በያት። እምቢ ካለች በጽሑፍ ላኪ፦ ብድሩ ኤፍኤችኤ መሆኑን፣ አብራሽ የፈረመችው ከዕዳው እንድትወጣ እንደምትፈልጉ፣ አንቺ ብቻሽን ለመመዘን ማመልከቻው እንዲላክልሽ። የብድር ቁጥሩን ጻፊበት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። የምትጠይቂው ዋና ነገር መጨረሻ ላይ ለጓደኛሽ ሪሊዝ ኦፍ ላያቢሊቲ የሚባለው፣ ከዕዳው ነጻ መውጣቷን የሚያረጋግጠው ወረቀት እንዲሰጣት ነው። እሱ ሳይኖር ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ለምን እንዲህ እንደምገፋፋሽ በቁጥር ልንገርሽ። አሁን ዋናውና ወለዱ በወር 1,700 ገደማ ነው። የኤፍኤችኤውን ኢንሹራንስ፣ የቤት ታክሱን፣ የቤት ኢንሹራንሱንና የኤችኦኤውን (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮ) ስንጨምር 2,530 አካባቢ እገምታለሁ፣ ሂሳብሽን አይተሽ አርሚኝ። የመኪናሽን 310 ስንደምር ከወር ገቢሽ 42 በመቶ ገደማ ነው። ጠበብ ይላል፣ ግን ክሬዲትሽ ጥሩ ከሆነና ዘግይተሽ ካልከፈልሽ የሚያስኬድ ነው።

ሪፋይናንስ ብታደርጊስ? ቤቱ 490 ካወጣ ከዕዳው የሚተርፈው 128 ሺህ ነው፣ የሷ ግማሽ 64 ሺህ። አዲሱ ብድር 362 ሲደመር 64፣ 426 ሺህ ይሆናል። በ6.5 በመቶ ዋናና ወለዱ ብቻ 2,690 ገደማ ነው። በወር ወደ 1,000 ዶላር ጭማሪ፣ ሠላሳ ዓመቱም እንደ አዲስ ይጀምራል! ዕዳሽ ከገቢሽ 50 በመቶ ያልፋል፣ አብዛኛው አበዳሪ እሺ አይልሽም።

ኮንቬንሽናል ብድር ላለባችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጣል። ጥሬ ገንዘብ የሚወጣበት ሪፋይናንስ ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ አያልፍም። የአብሮ ባለቤትን ድርሻ ለመግዛት ከሆነ ግን ፋኒ ሜ (የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ድርጅት) እንደዛ አይቆጥረውም፣ ከዛ በላይ ይፈቅዳል። ቤቱን ቢያንስ 12 ወር አብራችሁ ይዛችሁት መሆን አለበት፣ ሁሉም የፈረመበት የጽሑፍ ስምምነት መቅረብ አለበት፣ ቤቱን የሚይዘው ሰው ደግሞ ከብድሩ ጥሬ ገንዘብ ወደ ኪሱ ማስገባት አይችልም። ይህን የማያውቁ ሎን ኦፊሰሮች አሉ። እናንተ አስታውሷቸው።

ሸገር በሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በጽሑፍ እልካለሁ። ግን የሷን 64 ሺህ ከየት አመጣለሁ? አሳምፕሽኑ ዕዳውን ብቻ ነው የሚያዞረው አይደል? 25 እና 20 ተደምሮ 45 ነው። ደግሞ 64 ራሱ ልክ ነው ወይ? ሁለታችንም የማንስማማበት ነገር አለ። ዳውኑን እኩል ነው ያዋጣነው። ጣሪያው ሲሠራ ግን 9 ሺውን እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ እሷ ያኔ ሥራ ቀይራ ነበር። እሷ ደግሞ ቤዝመንቱን በራሷ ገንዘብ አሠርታለች። ዘመዶቼ ደግሞ «ቤቱ ቢሸጥ ኖሮ ለደላላ 6 በመቶ ይከፈል ስለነበር ከሷ ላይ ቀንሺ» ይሉኛል።

እናትዓለም

ልጄ፣ ዘመዶችሽ ያሉሽን አትስሚ። ቤቱ አልተሸጠም፣ ደላላ የለም፣ ያልተከፈለ ኮሚሽን ከጓደኛሽ ላይ አይቀነስም። አንቺ ቤቱን በ3 በመቶ ወለድ ይዘሽ ልትቀሪ ነው፣ ይሄ በዛሬ ገበያ የማይገኝ ነገር ነው። እሷ ይህን ትታልሽ ነው የምትሄደው። ቅንጣቢ ላይ አትከራከሩ።

አፕሬይዘር (የቤት ዋጋ ገማች) አብራችሁ ቅጠሩ። አንቺ ያመጣሽው ወይ እሷ ያመጣችው ሳይሆን፣ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ የመረጣችሁት፣ ክፍያውንም ለሁለት። እሱ ያለው ዋጋ ዋጋ ነው። የጎረቤት ቤት መነሻ ይሆናል እንጂ መድረሻ አይሆንም።

የጣሪያውንና የቤዝመንቱን እንዲህ አስቡት። ጣሪያ ቤቱ እንዳይፈርስ የግድ የሚሠራ ነው፣ ግማሹ የሷ ግዴታ ነበር፣ ከሷ ድርሻ 4,500 ይቀነስ። ቤዝመንቱ ደግሞ ያወጣችበትን ሳይሆን በቤቱ ዋጋ ላይ የጨመረውን ነው የምታዩት፣ አፕሬይዘሩን ጠይቁት። እኔ ብሆን ሁለቱን አጣፍቼ ግማሽ በግማሽ እሄድ ነበር። እናንተ ግን ደረሰኝ ካላችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ቀን ከሰዓት ተነጋገሩበት። የሁለታችሁንም ቤተሰብ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው አብሯችሁ ቢቀመጥ ደግ ነው። ሽማግሌ የሚጠራው ከተጣሉ በኋላ ብቻ አይደለም።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ደግሞ አለ። ዲዳችሁን አውጪና ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ እዪ። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ያልተጋቡ ሰዎች ቤት ሲገዙ ዲዱ ላይ በግልጽ ጆይንት ቴናንት (አንዱ ሲሞት ድርሻው ለሌላው የሚያልፍበት) ካልተባለ በቀር እያንዳንዱ የየራሱ ድርሻ እንዳለው ነው የሚቆጠረው። አምላክ አይበለውና ይህ ሳያልቅ አንዷ ብትሞት ድርሻዋ ለሌላዋ አያልፍም፣ ለወራሾቿ ነው። የአንቺ ከሆነ አገር ቤት ላሉት እናትሽ፣ የሷ ከሆነ ምናልባት ለባሏ። ወራሽነቱን ለማስጨረስ አገር ቤት ካሉ ሰዎች ወረቀት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ባለው ሁኔታ ሁለታችሁም አጭር ኑዛዜ ጻፉ፣ ጠበቃ ብዙ አያስከፍልም።

ሒሳብ ክፍል

ታክስ እሠራለሁ፣ የገንዘቡን ጥያቄ ልመልስ።

ጓደኛሽ ላይ ታክስ ይመጣል ብለሽ አትስጊ። በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ቤቱ ውስጥ እየኖረች ባለቤት ከነበረች፣ በድርሻዋ ያገኘችው ትርፍ እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ከታክስ ነጻ ነው። የሷ ትርፍ 40 ሺህ ቢሆን ነው። ግን ከሄደች በኋላ ዓመታት ካለፉ ይህ መብት ይቃጠልባታል፣ ስለዚህ ማቆየት ለሷም አይጠቅማትም።

ለአንቺ ልታግዝሽ ብላ ከትክክለኛው ዋጋ በጣም አሳንሳ ብትሰጥሽ ልዩነቱ ስጦታ ነው። በ2025 ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 19,000 ዶላር ያለ ምንም ፎርም መስጠት ይቻላል። ከዛ ካለፈ ሰጪዋ ፎርም 709 ታስገባለች። ብዙ ጊዜ የሚከፈል ታክስ የለውም፣ ፎርሙ ግን ይገባል።

አሁን የጎደለሽ 19 ሺህ ነው፣ እቁቡ እስኪደርስ ደግሞ 39 ሺህ። ጓደኛሽ ከተስማማች በጽሑፍ ውል ቀስ እያልሽ መክፈል ትችያለሽ። ሦስት ነገር ግን ልብ በይ። አንደኛ፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ያለ ወለድ መበደር የአይአርኤስ (የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) ሕግ ውስጥ ያስገባል፣ አይአርኤስ በየወሩ የሚያወጣው ዝቅተኛ የወለድ መጠን አለ፣ ቢያንስ እሱን ጻፉበት። እሷም ያገኘችውን ወለድ ገቢ ብላ ታስመዘግባለች። ሁለተኛ፣ ይህን ዕዳ ከአሳምፕሽን ማመልከቻው ላይ እንዳትደብቂ፣ ወርሃዊ ክፍያው ከዕዳሽ ጋር ይቆጠራል። 42 በመቶ ላይ ሆነሽ በወር 600 ብትጨምሪ ከ50 ታልፊያለሽ። ስለዚህ እቁቡ እስኪደርስ ብትታገሡ ወይም የእቁቡ ዳኛ ቀደም ብሎ ዕጣ እንዲሰጥሽ ብትጠይቂ ይሻላል፣ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሲኖር ሰው ተራ ይለቅልሻል። ሦስተኛ፣ ውሉ በቤቱ መያዣነት ቢመዘገብላት እሷ ዋስትና ታገኛለች። ግን የመጀመሪያው አበዳሪ ማወቅ አለበት።

ዲዱ ሲዞር የሜሪላንድ የዝውውር ታክስ 0.5 በመቶ ነው፣ ካውንቲው የራሱን ይጨምርበታል፣ የምዝገባ ታክስም አለ። የሚሰላው በምትሰጪያት ጥሬ ገንዘብ ላይ ብቻ አይደለም፣ የምትረከቢው የዕዳ ድርሻም እንደ ክፍያ ይታያል። ባልና ሚስት ብትሆኑ ነጻ ነበራችሁ፣ ጓደኛ ሲሆን ግን አይሠራም። ለዚህ ብር ለይተሽ አስቀምጪ፣ የቤቱን ዝውውር የሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒም ቀድሞ በጽሑፍ ያስላልሽ።

ለንደን ያለሁ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እዚህ ለንደንም ተመሳሳይ ነገር ስለገጠመን ነው። እኛ ጋ ትራንስፈር ኦፍ ኢኩቲ ይባላል። ባንኩ ካልተስማማ አንድ እርምጃ አይሄድም፣ የሚቀረውን ሰው ብቻውን እንደ አዲስ ይመዝነዋል። ሁለታችንም የየራሳችን ሶሊሲተር (ጠበቃ) ያዝን። ሰው ያላሰበው ስታምፕ ዲዩቲው (የቤት ዝውውር ታክሱ) ነው፤ ለጓደኛዬ በጥሬው የከፈልኩት ላይ የተረከብኩት ግማሽ ዕዳ ተደምሮ ነው የተሰላው፣ ከ125,000 ፓውንድ በላይ የሆነው ታክስ አለበት። ሒሳብ ክፍል የሜሪላንዱን ሲያስረዳ የእኛው መሰለኝ።

ቤት ለቤት

እኔ ደግሞ የተለየ አስተያየት አለኝ። ለምን ትቸኩላላችሁ? 3 በመቶ ወለድ ወርቅ ነው። የሷን ክፍል አከራዩት፣ ሁለታችሁም ባለቤት ሁናችሁ ቆዩ፣ ቤቱ ዋጋው ይጨምራል። እህትማማች ናችሁ፣ መተማመን ካለ ወረቀት ምን ያደርጋል?

የአሌክሳንድሪያው

ወንድሜ፣ የአጎቴ ልጅም እንዲሁ ነበር ያለው። ልጅቷ ትዳር ልትመሠርት ነው፣ ቤት ልትገዛ ነው። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ስለማይተማመኑ አይደለም፣ የሚኒሶታ ባንክ መተማመናቸውን ስለማያይ ነው።

ሸገር በሜሪላንድ

ሁላችሁም ተባረኩ። ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ጋር የጻፋችሁትን አብረን አነበብነው። የእናትዓለምን ስታነብ አለቀሰች። ጣሪያውንና ቤዝመንቱን አጣፍተነዋል፣ አፕሬይዘሩን አብረን ልንጠራ ተስማምተናል። የእቁባችንን ዳኛም አናግሬያቸዋለሁ፣ «አባላቱን እጠይቅልሻለሁ» ብለውኛል።

ካምፓኒው በመጨረሻ አሳምፕሽን ክፍል እንዳለው አምኖ የማመልከቻ ፎርም ላከልኝ። ግን ወራት ሊወስድ ይችላል ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ በዚህ መሐል ሚኒሶታ ያገኙትን ቤት ሊያጡት ነው። የሚደረግ ነገር አለ? ደግሞ የትኛው ይቅደም፣ ዲዱ ነው ወይስ ገንዘቡ?

ቁልፍ ያዥ

አለ። ለሎን ኦፊሰሯ ይህን ይንገሩት። ከአንቺ ጋር ተፈራርማ ያለችበትን ዕዳ አንቺ ብቻሽን ላለፉት 12 ወራት ሳታዘገዪ እንደከፈልሽ በባንክ ሰነድ ከታየ፣ የፋኒ ሜ ደንብ ከሷ ዕዳ ውስጥ እንዲያወጣው ይፈቅዳል፣ አንቺ ራስሽ ብድሩ ላይ ስላለሽ። የኤፍኤችኤ ብድር ፈልጋ ከሆነም፣ ሰው ባጠቃላይ ሁለት የኤፍኤችኤ ቤት መያዝ አይችልም፣ ግን አብሮ የተገዛውን ቤት ለቅቆ የማይመለስ ከሆነና ሌላው ተበዳሪ እዛው የሚኖር ከሆነ ሁለተኛ ሊፈቀድ ይችላል። የሷ ሁኔታ በትክክል ይሄ ነው። ግን እስካሁን ከየትኛው ሂሳብ ነው የምትከፍሉት?

ሸገር በሜሪላንድ

ሁለታችንም በየወሩ የምናስገባበት የጋራ ሂሳብ አለን፣ ከሱ ነው በራሱ የሚቆረጠው።

ቁልፍ ያዥ

እንግዲያው 12ቱ ወር ገና አልጀመረም፣ ምክንያቱም ከጋራ ሂሳብ የወጣው እሷም እንደከፈለች ነው የሚታየው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ባንቺ ስም ብቻ ካለው ሂሳብ ይቆረጥ። አሳምፕሽኑ ቢጓተት እንኳ ይህኛው ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። የሚኒሶታውን ቤት ለአሁኑ እጮኛዋ በራሱ ገቢ ብቻ ቢያመለክት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፣ ብድሩ ላይ ሳትፈርም ዲዱ ላይ ስሟ ሊገባ ይችላል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ገንዘብም ዲድም ብቻውን አይቅደም። ታይትል ካምፓኒ ጋ አንድ ቀን ቀጠሮ ይዛችሁ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ይለቅ፦ የአሳምፕሽኑ ወረቀት፣ የሷ ከዕዳ ነጻ መውጫ፣ ዲዱ፣ የአንቺ ቼክ። ቼኩን ካምፓኒው በአደራ ይይዘዋል፣ ዲዱ ሲመዘገብ ይለቅላታል። ነጻ መውጫው በአበዳሪው ተፈርሞ ካልመጣ ያን ቀን ማንም ምንም ላይ አይፈርም፣ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ።

ሰው የሚረሳውን ደግሞ አሁን ልንገርሽ። ኤስክሮ ውስጥ ለቤት ታክስና ለኢንሹራንስ የተጠራቀመ ገንዘብ አለ፣ የሁለታችሁም ነው። ወርሃዊ ስቴትመንቱ ላይ ሚዛኑ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ግማሹን ከ64ቱ ላይ ጨምሪላት። የቤት ኢንሹራንሱ ላይ ስሟን አስወጪ፣ ኤችኦኤውንም አሳውቂ። በጥር የሚመጣው፣ በዓመቱ የተከፈለውን ወለድ የሚያሳየው 1098 ፎርም በማን ስም እንደሆነ እዪ፣ በሷ ከሆነ በዚህ ዓመት የከፈላችሁትን ወለድ እንዴት እንደምትካፈሉ ለሒሳብ ክፍል ጻፊለት። ማመልከቻውን ሞልተሽ ስትጨርሺ ከመላክሽ በፊት በውስጥ መስመር አሳዪኝ፣ አያለሁልሽ።